እታለም፣ ሲሚንቶውን አሁን እንዳታስለስኚ

እታለምዬ እንዴት ነሽልኝ፣ እማዬስ ጉልበቷ ተሻላት? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደህና ነኝ።

በቴሌግራም የላክሽልኝን የእማዬን ቤት ፎቶዎች ማታ ከስራ ገብቼ አንድ በአንድ አየኋቸው፣ በጣም ነው ያዘንኩት። በተለይ በአላሙራ ተራራ በኩል ያለው ግድግዳ ምርጊቱ እስከ ወገቡ ረግፎ ማገሩ ወጥቶ ሳየው አንጀቴ ነው የተቃጠለው፣ እማዬ ስንት ዓመት በኪራይ ቤት ተንከራታ አሁን ገና የራሴ ቤት ልትል ስትል። ግን አይዞሽ፣ ቤቱ አልፈረሰም። ጣራውም ቋሚዎቹም ቀጥ ብለው ነው ያሉት፣ የረገፈው ጭቃው ነው፣ ጭቃ ደግሞ ይመለሳል።

አናጢው "በሽቦ ወጥረን ሲሚንቶ እንለስነውና ለሐምሌ ገብርኤል ትገባላችሁ" ያለሽን ግን በፍጹም እሺ እንዳትይው። እማዬ ለንግሱ ሐዋሳ የሚመጡትን ዘመዶች በራሷ ቤት ማሳደር እንዴት እንደምትመኝ አውቃለሁ፣ ለኔም ከዛ የበለጠ ደስታ የለኝም፣ ግን ውስጡ ያልደረቀ ጭቃ ላይ ሲሚንቶ ከተለሰነ እርጥበቱ መውጫ ያጣል፣ ከላይ ያምርና ከውስጥ እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ቆይቶ ሲሚንቶው ራሱ ከጭቃው ተላቆ ይወድቃል።

ዝም ብዬ አይደለም የምልሽ። እዚህ ጀርመን የምሰራው የድሮ ቤት ጥገና ላይ እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ ቤቶቹን ብታያቸው የኛው አይነት ናቸው፣ እንጨት ይቆማል፣ መሃሉ በቀጫጭን እንጨት ይጠላለፍና በጭድ የተቦካ ጭቃ ይመረግበታል፣ እንደዛ ሆነው ስንት መቶ ዓመት የቆሙ አሉ። ኩዌድሊንቡርግ የምትባለውን ከተማ እንደውም ከነቤተክርስቲያኗ ከነዚህ ቤቶቿ ዩኔስኮ በ1994 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። ብዙ ጊዜ በስብሰው የምናገኛቸው ታዲያ በኋላ ዘመን ሲሚንቶ የተለሰኑት ናቸው። በቀደም አንዱን ልስን አንስተን ከስሩ ያለውን ወፍራም ቋሚ በካቻቢቴ ስወጋው እስከ እጀታው ገባ፣ ውሃው እዛው ታፍኖ ነው የኖረው። የእማዬ ቤት እንደዛ እንዲሆን አልፈልግም።

አሁን ስራው ከውሃው ይጀመር። ሦስተኛው ፎቶ ላይ መሬቱን ልብ ብለሽ እይው፣ ከጣራው የሚወርደው ጠብታ አሸዋውን የቆፈረው መስመር ይታያል፣ ከግድግዳው አንድ ክንድ እንኳን አይርቅም፣ ከዛ እየተፈናጠረ ነው ግድግዳውን ከስሩ የበላው። ቆርቆሮ ለመቆጠብ ክፈፉን አሳጥረውታል ማለት ነው። ስለዚህ ክፈፉ ይርዘም፣ አሸንዳ ይግባለት፣ ከላይ በኩል ደግሞ ጎርፉን ወደ መንገዱ የሚያወጣ ቦይ ይቆፈር። ይሄ ሳይሰራ አንድ እፍኝ ጭቃ እንዳይነካ፣ ሰኔ ሲገባ መልሶ ያጥበዋል።

የረገፈውን ጭቃ እንዳያስጥሉሽ። ሸራ ስር ሰብስቡት፣ ውሃ ሲያገኝ እንደገና ይቦካል፣ አዲስ ጭድ ጨምሮበት ጥቂት ቀን ማሰንበት ነው። የኛ ሰፈር አፈር አሸዋ ስለሚበዛው ትንሽ ቀይ አፈር በጋሪ አስመጪና መጀመሪያ መዳፍ በምታክል ቦታ ለጥፋችሁ ሞክሩት፣ ደርቆ ከተሰነጠቀ ጭድና አሸዋ ይጨመርበት፣ በእጅ ሲታሽ ከተራገፈ ደግሞ ቀይ አፈሩ አንሶታል። ግድግዳው ላይ የላላውን ሁሉ አራግፎ፣ አሮጌውን ውሃ ረጨት አድርጎ፣ ሳሳ አድርጎ መመረግ ነው፣ አንዴ ወፍራም ከተለጠፈ በክብደቱ ይወርዳል። የመጨረሻው ልስን በእበትና በደቃቅ አሸዋ ከመስቀል በኋላ ፀሐይ ሲወጣ ይሁን። እስከዛ ክረምቱን በሸራ ይሸፈን፣ ግን ሸራው ግድግዳው ላይ እንዳይለጠፍ፣ ከስር አየር ይግባበት።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ የማዕዘኑ ቋሚ ነው፣ ፎቶው ላይ እግሩ ጠቁሯል። ከመሬት ጋር የሚገናኝበት ላይ በቢላ ይወጋ፣ ጠንካራ ከሆነ ይድረቅና የተቃጠለ ዘይት ይቀባ፣ ለምስጥም ይረዳል፣ ቢላው ከገባ ግን ጭቃው ሳይመለስ አሁኑኑ ይቀየር። እንደዛ ከሆነ ጣራውን ደግፈው እንዲይዙት አደራ፣ ልጆቹም በዛ በኩል እንዳይጫወቱ።

ዛሬ የላኩት ብር ለቆርቆሮውና ለአሸንዳው ነው፣ ለሲሚንቶ ያስቀመጥሽው ደግሞ ለጭዱና ለሰራተኛ ይሁን። ቤቱ ለታህሳስ ገብርኤል እንደሚደርስ ለእማዬ እሁድ ስደውል እኔው እነግራታለሁ፣ አንቺን እንዳትቀየምሽ። እስከዛ ጉልበቷን ሳሚልኝ። የማዕዘኑን ቋሚ ግን ከእሁድ በፊት አስወግተሽ ቢላው የገባበትን ቦታ ቀረብ አድርገሽ ፎቶ አንሺና ላኪልኝ።

ወንድምሽ፣ ከጀርመን