የእድራችን ሳህኖች ከዕቃ ቤት ይውጡ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ሰፈር እድር በዕቃ ያዥነት ሳገለግል ዘንድሮ ዘጠነኛ ዓመቴ ነው። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ፣ ጀበናው፣ ሁሉም በእኔ ፊርማ ወጥቶ በእኔ ፊርማ ይገባል።

ባለፈው ወር ዕቃ ቤቱን ሳጸዳ ከተቀደደው የድሮ ድንኳን ሥር ሦስት ማዳበሪያ ሙሉ የብረት ሳህን አወጣሁ። መኖራቸውን አውቃለሁ፤ ከነካኋቸው ግን ዓመታት አልፈዋል። አቧራቸውን እየጠረግሁ ስቆጥር 280 ሆኑ። ከሥራቸው በቀይ ቀለም የእድራችን ስም የመጀመሪያ ፊደል አለ። የጻፈው የቀድሞው ጸሐፊያችን ነው፤ ነፍሱን ይማረውና ለቅሶ ባበቃ ቁጥር ሳህኑን አንድ በአንድ እየገለበጠ ይቆጥር ነበር። አንዱ ከጎደለ ቤት ለቤት ዞሮ ያመጣዋል።

አሁን የሚቆጠር ነገር የለም። ለቅሶ ሲደርስ ገንዘብ ያዡ ብር ይሰጠኛል፣ እኔ ከሱቅ የፕላስቲክ ሳህን፣ የፕላስቲክ ኩባያና የታሸገ ውሃ በካርቶን ገዝቼ እመጣለሁ። በአንድ ለቅሶ እስከ ሰልስቱ ድረስ ብቻ ከ600 በላይ ኩባያ እናወጣለን። አንድ ሰው ንፍሮ ይቀበልበታል፣ በሌላው ውሃ ይጠጣል፣ ሁለቱንም ከወንበሩ ሥር አስቀምጦ ይሄዳል።

በየካቲት አንድ ለቅሶ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከሰዓት በኋላ የሐይቁ ነፋስ ሲነሣ ድንኳኑ ተወጠረ፣ ኩባያዎቹም ከየወንበሩ ሥር እየተንከባለሉ ወጡ። እኔና ሁለት ልጆች በማዳበሪያ ለመሰብሰብ ብንሯሯጥ ግማሹን እንኳ አልያዝነውም። ቀሪው ከመንገዱ ዳር ካለው ቦይ ገብቶ ነጭ ምንጣፍ መሰለ። በመጋቢት የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ቦዩ በአንድ ሌሊት ጠራ። ያ ሁሉ ወዴት እንደሄደ የሰፈራችን ሰው ሁሉ ያውቃል።

የሐዋሳ ሐይቅ መግቢያ እንጂ መውጫ የለውም። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል፤ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ጎርፍ የወሰደው ፕላስቲክ እዚያው ይቀራል፤ ፀሐይና ማዕበል ያደቅቁታል እንጂ አያጠፉትም። የደቀቀውን ደግሞ ዓሣው፣ ቆሮሶውም አምባዛውም፣ ይውጠዋል። ከሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወርደን ዓሣ ስንበላ የምንበላው ከዚያው ሐይቅ የወጣውን ነው።

ወደ ፕላስቲክ የዞርነው ግን ሰው ግድ የለሽ ስለሆነ አይደለም፤ ይህን በደንብ መናገር እፈልጋለሁ። ድሮ ሳህኑን የሚያጥቡት የሰፈሩ ሴቶች ልጆች ነበሩ። ማንም «ትችያለሽ ወይ?» ብሎ አይጠይቃቸውም፤ ወንዶቹ ካርታ ሲጫወቱ እነሱ ሌሊቱን ሙሉ ከገንዳ አጠገብ ቁጢጥ ብለው ያድራሉ። በ2008 ዓ.ም. የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲከፈት ብዙዎቹ ሥራ ያዙ። ከፈረቃ የተመለሰችን ልጅ «ነይ 280 ሳህን እጠቢ» ማለት ግፍ ነው፤ እኔም አልልም። ሌላው ችግር ውሃ ነው። ለቅሶ የቧንቧ ውሃ የሚመጣበትን ቀን ጠብቆ አይደርስም። ስለዚህ ሳህኑን የምንመልሰው የሚያጥበው ሰውና የሚታጠብበት ውሃ ሲገኝ ነው።

ውሃው ከራሳችን ጣሪያ አለ። የእድራችን አዳራሽ ቆርቆሮ ርዝመቱ 20 ሜትር፣ ወርዱ 12 ሜትር ነው፤ በሜትር ለክቼዋለሁ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። ሐዋሳ በዓመት 900 ሚሊ ሜትር ያህል ይዘንብባታል። ሲሰላ ከዚያ ጣሪያ በዓመት ከ200,000 ሊትር በላይ ይወርዳል ማለት ነው። የሚተነውንና የሚፈሰውን አንድ አምስተኛ ብንቀንስ እንኳ ከ170,000 ሊትር በላይ ይተርፋል። አሁን ይህ ውሃ አሸንዳ ስለሌለው የአዳራሹን መሠረት እየቦረቦረ ወደ ጎረቤት ግቢ ይገባል፤ በየክረምቱም ያጣላናል። አሸንዳ ተገጥሞ ሁለት ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ ቢቀመጥ ግን የአንድ ቀን ለቅሶ ዕቃ በ500 ሊትር ቢታጠብ 20 ቀን ያደርሰናል። ከበጋ በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ አጥቦ ስለሚወርድ ወደ ሮቶው ሳይገባ ይለቀቅ፤ የመጨረሻው ማለቅለቂያ ደግሞ የፈላ ውሃ ይሁን።

ለሚያጥቡት ሰዎች እንክፈላቸው። ለሚጣል ዕቃ በየለቅሶው የምናወጣው ብር በመዝገቤ አለ፤ ደምሬ አይቼዋለሁ፣ ለሁለት አጣቢዎች የሦስት ቀን ደመወዝ ይበቃል። በሰፈራችን ሥራ የሚፈልጉ እናቶች አሉ። ገንዘቡ ቦይ ከሚገባ እነሱ ቤት ቢገባ አይሻልም?

ይህን በጠቅላላ ጉባኤ ሳነሣ የተሰጠኝ መልስ «ሐዘንተኛን ማዋረድ ነው» የሚል ነበር። የታሸገ ውሃ ያልቀረበበት ለቅሶ እንደ ድህነት ይቆጠራል አሉ። እናቴ ስታርፍ ከዚያው እድር የመጣው ሰው በብረት ኩባያ ውሃ ጠጥቶ፣ ከእነዚሁ ሳህኖች ንፍሮ ዘግኖ ከእኛ ጋር ሦስት ሌሊት አደረ። አንድም የተዋረድኩበት ሰዓት አልነበረም። ያጽናናኝ የሰው አለመጥፋት ነበር።

   

የተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ባጸደቀው አዋጅ ፌስታል ተከልክሏል፤ ደግ አድርጓል። ኩባያውን ግን ሕግ እስኪወጣለት አንጠብቅ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ የፋብሪካዎቹን ፍሳሽ አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም ሆኖ የተሠራው ሐይቁ እንዳይበከል ነው። ለዚያ ሁሉ ፋብሪካ ያልተፈቀደው በእኛ ድንኳን ሊፈቀድ አይገባም።

በመጪው ጉባኤ ሳህኖቹን አጥቤ ጠረጴዛ ላይ እደረድራቸዋለሁ፤ አባላቱ በእጃቸው ይዘው ይዩአቸው። አሸንዳና ሮቶ በአዳራሹ ያስገጠመ እድር በከተማችን ካለ፣ ስንት እንደፈጀበትና አሸንዳው ቅጠል ሲይዝ እንዴት እንደሚያጸዳው በዚሁ ዓምድ ቢጽፍልን ለጉባኤው አነብበዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንድ እድር ዕቃ ያዥ
ሐዋሳ