ጥርሱ ከመነቀሉ በፊት ራጅ ይነሳ

ይድረስ ለጤና ሚኒስቴር የአፍና የጥርስ ጤና ክፍል ኃላፊ

የተከበሩ ኃላፊ፣

ልጄ ከዳውን ሲንድረም ጋር የተወለደ ነው። ዘንድሮ 10 ዓመቱ ነው። የምጽፍልዎ ስለ አንዲት ጥርስ ነው።

ከላይ፣ ከመሃለኞቹ የፊት ጥርሶች አጠገብ አንዲት የወተት ጥርስ ነበረችው። እኩዮቹ ሲለውጡ የእሱ ንቅንቅ አላለችም። አንድ ክሊኒክ ወሰድኩት። ሐኪሙ አየት አደረጓትና «ጊዜዋ አልፏል፣ አዲሷን አግዳ ይዛለች» አሉኝ። ተነቀለች። አዲሷን ጠበቅን። ወር፣ ሁለት ወር፣ ዓመት። በኋላ ሌላ ቦታ ራጅ ሲነሳ ከሥሯ ምንም የለም። ቋሚዋ ጥርስ ድሮም አልተፈጠረችም። የምታገለግለውን ነቅለን የሌለችውን ስንጠብቅ ከረምን።

የልጄ ዕጣ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላስቸገርኩዎት። ግን ዳውን ሲንድረም ባለባቸው፣ ማለትም 21ኛው ክሮሞዞም ሦስት ሆኖ በሚወለዱ ልጆች ላይ ቋሚ ጥርስ ጭራሽ አለመፈጠሩ የተለመደ ነው። ብዙ ጊዜ ከሚጎድሉት አንዷ ይህችው የላይኛዋ ጥርስ ናት። ያሉትም ያንሳሉ፤ አንዳንዱ እንደ ችንካር ይሾላል፣ ሥሩም ያጥራል። መዘግየቱ ደግሞ ሌላ ነው። የመጀመሪያዋ ጥርስ ከዓመት በኋላ፣ አንዳንዴም ሁለት ዓመት ሲሞላ ብቅ ትላለች። ስለዚህ ዕድሜ ቆጥሮ «ጊዜዋ አልፏል» ማለት ለእነሱ አይሠራም። የዘገየችውን ከሌለችው የሚለየው ራጅ ነው።

ድዳቸውም ገና በልጅነት ይታመማል። ሥሩ አጭር የሆነ ጥርስ ደግሞ ቶሎ ይላላል። እኔ ጥርሱ አልተቦረቦረም ብዬ ተዘናግቼ ነበር። ይህኛው የራሴ ጥፋት ነው።

ልብም አለ። ግማሽ ያህሉ ከልብ ችግር ጋር ይወለዳሉ። ለአንዳንዶቹ ጥርስ ከመነቀሉ በፊት ልባቸው እንዳይመረቅዝ አንቲባዮቲክ ይሰጣል። ያን ቀን ስለ ልጄ ልብ የጠየቀኝ አልነበረም።

የምጠይቀው አንድ አጭር መመሪያ ነው። ድንገተኛ ካልሆነ በቀር፣ የእነዚህ ልጆች የወተት ጥርስ ራጅ ሳይነሳ፣ ስለ ልባቸውም ሳይጠየቅ አይነቀል። ዓመት ሲሞላቸውም፣ ጥርስ ቢኖርም ባይኖርም፣ የጥርስ ሐኪም ይያቸው።

ሲረቀቅ ወላጅ ማማከር ከፈለጋችሁ ራጁን ይዤ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
እናቱ