ለከባድ ድምፅ የግድ ውድ አምፕ?

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች፤ የምጽፈው ከደሴ ነው። በጊታር ሜታል (ከባድ ሮክ) የምንጫወት የወሎ ልጆች ጥቂት ነን፤ የባቲና የአምባሰል አገር ሰው ምን ነካው የሚሉንም አሉ። ይበሉ።

የቸገረኝ «ያለ ቲዩብ አምፕ ከባድ ድምፅ የለም» የሚለው ወሬ ነው። አምፕ የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላው መሣሪያ ነው፤ ቲዩብ ደግሞ በአንዳንዱ አምፕ ውስጥ ያለ፣ አምፖል የሚመስል የመስታወት ቱቦ። እኔ ያለኝ ቦስ ካታና 50 ነው፤ ቲዩብ የለውም፣ ስፒከሩ 12 ኢንች ነው። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ከአሜሪካ ያመጣው 100 ዋት ሜሳ ቡጊ ሬክቲፋየር የሚባል ቲዩብ አምፕ አለው። ጎን ለጎን ሞከርናቸው።

እውነቱን ልናገር፣ ሜሳው ድምፁ ከፍ ሲል ሌላ ነገር ነው። ወፍራሙን ክር በመዳፌ አፍኜ ስመታው ደረቴ ላይ አረፈ፤ ጌይኑ (ድምፁን የሚያሻክረው ማዞሪያ) በዝቶም እያንዳንዱ ኖታ ለብቻው ይሰማል። የእኔው ጌይኑን ሳበዛበት እንደ ቀጠነ ሽሮ ተዋሃደ። ግን ጌይኑን ቀነስ፣ ቤዙን (ወፍራሙን ድምፅ) ቀነስ፣ ሚዱን (መካከለኛውን ድምፅ) ጨመር ሳደርገው ልዩነቱ በጣም ጠበበ። ጀማሪ ሁሉ ሚዱን ዜሮ ያደርግና ባንድ ውስጥ ሲገባ ድምፁ ይጠፋበታል፣ ከዚያ አምፑን ይረግማል!

ደግሞስ ያንን 100 ዋት የት ትከፍተዋለህ? ጎረቤት አለ። ካታናው ወደ ግማሽ ዋት ይወርዳል፣ ሌሊትም እለማመዳለሁ። ሜሳው የመጣው ለ120 ቮልት ተሠርቶ ነው፤ የእኛ 220 ስለሆነ ያለ ትራንስፎርመር አይነካም። ቲዩቡ ሲያረጅ መቀየር አለበት፤ ፒያሳን ዞሬ የሚሸጥ አላገኘሁም።

ብር ያለው ይግዛ፣ አልቀናም። ለጀማሪ ግን መጀመሪያ ሚዱን ይንካው።

ጊታር ነካኪው፣ ከደሴ