ጎሳ፣ ጥብቅ ስፍራ፣ ጣቢያ፦ ስለ ነባር ሕዝቦች ታሪክ ትርጉም የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለዋሽንግተን ስቴት የሕዝብ ትምህርት ዋና ኃላፊ ጽሕፈት ቤት
ኦሎምፒያ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

እ.ኤ.አ. በ2005 (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የወጣው ሕግ የዋሽንግተን ትምህርት ቤቶች የስቴቱን ነባር ሕዝቦች ታሪክና ሉዓላዊነት እንዲያስተምሩ አበረታታ፤ የ2015ቱ ደግሞ ግዴታ አደረገው። ሁለቱንም ረቂቆች ያቀረቡት የቱላሊፕ ነገድ ተወላጁ የሕዝብ እንደራሴ ጆን ማኮይ ነበሩ። በሲያትል፣ በሬንተንና በተክዊላ አማርኛ በሚነገርባቸው ቤቶች ልጅ ይህን ተምሮ ሲመለስ ወላጅም አብሮት እንዲያነብ፣ ጥሩ የአማርኛ መመሪያ እንዲቀርብ እንጠይቃለን። ቃል በቃል ተመልሶ የሚወጣ ከሆነ ግን ባይኖር ይሻላል። የዚህ ስቴት ታሪክ ራሱ የተበላሸው በመጥፎ ትርጉም ነውና።

ዲሴምበር 26 ቀን 1854 የያኔው የዋሽንግተን ግዛት ገዥ አይዛክ ስቲቨንስ መዲሲን ክሪክ በተባለ ስፍራ ከኒስኳሊ፣ ከፑያለፕ፣ ከስኳክሲንና ከሌሎች ነገዶች መሪዎች ጋር ተዋዋለ። ድርድሩ የተካሄደው በቺኑክ ጃርገን ነበር። ይህ ጥቂት መቶ ቃላት ብቻ ያሉት፣ ነጋዴና ዓሣ አስጋሪ የሚግባቡበት የገበያ ቋንቋ ነው፤ ዋጋ ለመቁረጥ ይበቃል፣ ርስትን ለዘለዓለም መልቀቅ ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት ግን አቅም የለውም። የተፈረመው ሰነድ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። በዚያ ሰነድ 2.24 ሚሊዮን ኤከር ያህል፣ ማለትም ወደ 9 መቶ ሺህ ሄክታር የሚጠጋ መሬት ለቀቁ፤ ዋጋው 32,500 ዶላር ሲሆን እሱም በ20 ዓመት ተከፋፍሎ የሚሰጥ ነበር። የቀሯቸው ቦታዎች ሦስት ናቸው፣ እያንዳንዱም 1,280 ኤከር፣ በቀድሞው ልኬት 13 ጋሻ ገደማ። ለኒስኳሊዎች የተመደበው ከወንዛቸው የራቀ ጫካ በመሆኑ መሪያቸው ሌሻይ ተቃወመ፣ ጦርነትም ተነሣ። ሌሻይ በ1858 በግፍ ተሰቀለ፤ በ2004 በስቴቱ የተሰየመ ታሪካዊ ችሎት ነጻ መሆኑን አወጀ። ዛሬ በሲያትል አንድ ሰፈር በስሙ ይጠራል።

የአማርኛ አንባቢ ይህን ለመረዳት ረጅም ማብራሪያ አያስፈልገውም። የውጫሌን ውል አንቀጽ 17 እየተማረ ያደገ ነው፤ አማርኛው «ይቻላል» ሲል ጣልያንኛው ግዴታ እንዳደረገው ያውቃል። ያ ውል የተፈረመው በ1889፣ ዋሽንግተን ስቴት በሆነችበት በዚያው ዓመት ነው። ስለዚህ በአማርኛው መመሪያ «ስምምነት» የሚለው ልል ቃል ቀርቶ «ውል» ይባል። አንባቢው ወዲያው ክብደቱ ይገባዋል፤ በሁለት መንግሥታት መካከል የተደረገ መሆኑንም አይስትም።

ከቃላቱ ሁሉ ትልቁ ችግር ያለው ለነገዶቹ በሚሰጠው መጠሪያ ላይ ነው። «ቀይ ሕንዶች» የሚለው በብዙ የአማርኛ መጻሕፍት የተለመደ ቢሆንም ሰውን በቆዳ ቀለም ይጠራል፣ ከእስያዋ ሕንድ ጋርም ያምታታል፤ ይቅር። «ጎሳ» የሚለውም አይሆንም። በአማርኛ ጎሳ የትውልድ ሐረግ እንጂ ሸንጎ፣ ፍርድ ቤትና ፖሊስ ያለው መንግሥት አይደለም። «ብሔር» ብንል ደግሞ አንባቢው በቀጥታ ወደ ኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 39 ይሄዳል፤ «የብሔር ሉዓላዊነት» ሲባል የመገንጠል ጥያቄ ይመስለዋል። የዋሽንግተን ነገዶች ሉዓላዊነት ግን ሌላ ነው፦ ስቴቱም ሆነ የፌዴራሉ መንግሥት ሳይኖር የነበረ፣ በውል የታወቀ፣ በፌዴራል ሕግ ደግሞ ወሰን የተበጀለት። እኛ የምንመርጠው «ነገድ» እና «የነገድ መንግሥት» የሚሉትን ነው። ነገድ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጀምሮ ራሱን የቻለ ሕዝብን ያመለክታል፣ የዛሬው ፖለቲካም ብዙ አልነካውም።

ለነገዶቹ የተከለለው መሬትም (በእንግሊዝኛ «ሪዘርቬሽን») «ጥብቅ ስፍራ» ተብሎ እንዳይተረጎም አደራ። ጥብቅ ስፍራ ለዱር አራዊትና ለደን የሚባል ነው፤ ሰው በአጥር ውስጥ የሚጠበቅ ያስመስላል። ከዚህ በላይ ደግሞ የሕጉን ፍሬ ነገር ይገለብጠዋል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1905 የያካማ አስጋሪዎችን ጉዳይ ሲወስን፣ ውሉ ለነገዶቹ የተሰጠ መብት ሳይሆን ከነገዶቹ የተሰጠ መብት ነው፣ ያልሰጡት ሁሉ የራሳቸው ሆኖ ቀርቷል ብሏል። ስለዚህ ትክክለኛው አማርኛ «ለራሳቸው ያስቀሩት መሬት» ነው። «የተሰጣቸው» የሚል ግሥ በመመሪያው ውስጥ ከተገኘ ዓረፍተ ነገሩ እንደገና ይጻፍ።

በውሎቹ ውስጥ ያለው የዓሣ ማስገር አንቀጽ ደግሞ እያንዳንዱ ቃል ፍርድ ቤት የቀረበበት ነው። በእኛ አማርኛ እንዲህ ይነበባል፦ «በለመዱትና በተለመዱት የማስገሪያ ውኃዎችና ስፍራዎች ዓሣ የመያዝ መብታቸው፣ ከግዛቱ ዜጎች ሁሉ ጋር በጋራ፣ የተጠበቀ ነው።» እዚህ ላይ ሦስት ወጥመዶች አሉ። በእንግሊዝኛው «ስቴሽን» የተባለውን የማስገሪያ ስፍራ «ጣቢያ» ካልነው አንባቢው የፖሊስ ወይም የአውቶቡስ ጣቢያ ያስባል። «በለመዱት» የሚለው ከተዘለለ መብቱ ካስቀሩት መሬት ውጭ የማይሠራ ይመስላል፤ የኒስኳሊው አስጋሪና የመብት ተሟጋች ቢሊ ፍራንክ ታናሹ ከ14 ዓመቱ ጀምሮ ከ50 ጊዜ በላይ የታሰረው ግን በኒስኳሊ ወንዝ ላይ፣ ይህንኑ መብት ሲጠቀም ነው። «በጋራ» የሚለውን «እንደ ማንኛውም ዜጋ» ብሎ መመለስ ከሁሉ ይከፋል፤ ይህ ስቴቱ ራሱ ተከራክሮ የተረታበት ትርጉም ነውና። የፌዴራል ዳኛው ጆርጅ ቦልት ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1974 «በጋራ» ማለት እኩል መካፈል ነው ብለው ወሰኑ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1979 አጸናው። መመሪያው ድርሻውን ሲገልጽ «ግማሹ ዓሣ የነገዶቹ ነው» ብሎ እንዳያሳጥር። ግማሹ የሚሰላው ለመራባት ወደ ወንዙ ላይኛ ክፍል ማለፍ ያለበት ዓሣ ከተቀነሰ በኋላ፣ ከሚያዘው ላይ ነው። ይህ አንድ ሐረግ ከጎደለ ወላጅ የሚረዳው ፍጹም ሌላ ፍርድ ነው።

ስለ ስሞች አጻጻፍ በተለይ አትኩሩ፤ እዚህ ላይ አማርኛ ከእንግሊዝኛ የተሻለ መሣሪያ አለውና። በስቴቱ ምዕራብ ያለው የባሕር ወሽመጥ የፒዩጀት ሳውንድ ነገዶች ቋንቋ ሉሹትሲድ ፈንጂ የሚባሉ፣ ታፍነው በኃይል የሚለቀቁ ድምፆች አሉት፤ እንግሊዝኛ የማይጽፋቸውን እኛ በጰ፣ በጠ፣ በጨ፣ በጸ እና በቀ በቅርብ እንጽፋቸዋለን። ዲቃላ ፊደላታችን ኰ፣ ጐ እና ኈም ቦታ አላቸው። ስኖኳልሚ የሚባለው ነገድ ራሱን ሲጠራ በአማርኛ «ስዱኳልቢኍ» ተብሎ ቢጻፍ ከእንግሊዝኛው ፊደል ይልቅ ለድምፁ ይቀርባል። ተርጓሚ ግን ከእንግሊዝኛው ስም ተነሥቶ ቢገለብጥ ይህ ሁሉ ይጠፋል። የማንጽፋቸውም ድምፆች አሉ፤ በዋና አለቃ ሲአል ስም መጨረሻ ያለው ከምላስ ጎን የሚወጣ «ል» አንዱ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በሕዝብ ዘንድ የሚታወቀው ስም፣ ቀጥሎ ነገዱ ራሱን የሚጠራበት ይጻፍ፤ ሁለተኛውን ቱላሊፕና ፑያለፕን የመሳሰሉ ነገዶች የቋንቋ ክፍሎች ሰምተው ያጽድቁት።

በስቴቱ የፌዴራል ዕውቅና ያላቸው ነገዶች 29 ናቸው። «ዕውቅና» ብቻ ከተባለ አንባቢው የሌሎቹን መኖር ይጠራጠራል። የድዋሚሽ ነገድን ጉዳይ ውሰዱ። የፖይንት ኤሊየት ውል በጃንዋሪ 1855 ሲፈረም የመጀመሪያው ፈራሚ የድዋሚሽና የሱኳሚሽ አለቃ ሲአል ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ በእሱ ስም የተጠራችው ከተማ ነባሮቹ፣ በነጮች ተቀጥረው ካልሆነ በቀር፣ እንዳይኖሩባት ደንብ አወጣች። በ1916 ለመርከብ መተላለፊያ ሲባል የዋሽንግተን ሐይቅ በ9 ጫማ ገደማ ዝቅ ሲል፣ ድዋሚሾች ዳሩ ላይ ይኖሩበት የነበረው ብላክ ወንዝ ደረቀ። ድዋሚሽ ግን በ29ኙ ውስጥ የሉም። መመሪያው «ከፌዴራል መንግሥት ጋር የመንግሥት ለመንግሥት ግንኙነት ያላቸው» ቢል የሕግ ደረጃን ከሕዝብ መኖር ይለያል። ብላክ ወንዝ ሬንተን ውስጥ በመሆኑም፣ እዚያው ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች የድሮው የወንዙ መስመር ያለበት አንድ ካርታ ቢጨመር ከብዙ ገጽ ይበልጣል።

አሠራሩን በተመለከተ፣ ትርጉሙ ከመጀመሩ በፊት የቃላት መዝገብ ይዘጋጅና ነገዶቹ ይዩት፤ የ2015ቱ ሕግ ራሱ ትምህርት ቤቶች ከአጎራባች ነገዶች ጋር እንዲሠሩ ያዛል። አንድ ሰው ይተርጉም፣ ሁለተኛው ያርም፣ እንግሊዝኛውን ያላየ ሦስተኛ ሰው ደግሞ አማርኛውን ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው፤ «ያስቀሩት» «የተሰጣቸው» ሆኖ ከተመለሰ ስሕተቱ እዚያው ይያዛል። ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. የሚል ይለጠፍባቸው፣ አለዚያ 1854ን በእኛ አቆጣጠር የሚያነብ አለ። ማንበብ ለሚከብዳቸው አረጋውያን በድምፅ ይቀረጽ። ኅትመቱ ከመውጣቱ በፊት ደግሞ ኍ፣ ኳ እና ጕ ያሉበት አንድ ገጽ በወረቀትም በስልክም ይሞከር፤ ፊደላቱን የማይደግፍ የፊደል ቅርጽ (ፎንት) ባዶ ሳጥን ያወጣል፣ የሚጠፋውም የነገዶቹ ስም ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
በዋሽንግተን ስቴት የምንኖር የአማርኛ ተርጓሚዎችና መምህራን