ሰዓቱ እጄ ላይ ነው

ይድረስ ለምወድዎ አባባ፣ መሐል ሜዳ

እንደምን ከረሙ? የመንዝ ብርድ ጉልበትዎን እንዴት አደረገው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

የላኩት ሰዓት ደርሶኛል። «ካልሆነ ጣለውና ባለባትሪ ግዛልኝ» ብለዋል አሉ። አልጥለውም አባባ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ደንበኛ ማሠሪያ ሊያስቀይር ሬቨርሶ የሚባል ሰዓት ይዞ መጣ። ስሙን እሰማ ነበር እንጂ በእጄ ይዤው አላውቅም። ቅርጹ ረዘም ያለ አራት ማዕዘን ነው። ከገጹ በላይና በታች ሦስት ሦስት መስመር ተስቦበታል። ወደ ጎን ገፋ ሲያደርጉት ይገለበጣል፤ መስታወቱ ወደ ውስጥ ይገባና ብረቱ ብቻ ከላይ ይቀራል። የሚሠራው ዤዤር ለኩልትር የተባለ የስዊስ ቤት ነው።

ሕንድ አገር የነበሩ የእንግሊዝ መኮንኖች በፈረስ ፖሎ ሲጫወቱ የሰዓታቸው መስታወት እየተሰበረ አስቸገራቸው። መላ አምጡ ተባለ። በፈረንጆች 1931 ሬኔ አልፍሬድ ሾቮ የሚባል ንድፍ አውጪ ይህን ተገልባጭ ሰዓት ፓሪስ ላይ አስመዘገበ።

እኔ ግን እርስዎ ነዎት የታዩኝ። ገብስ ሲያጭዱ፣ ካብ ሲክቡ፣ ሰዓቱን ወደ መዳፍዎ በኩል ያዞሩት ነበር። ልጅ ሆኜ ይከፋኝ ነበር። የሰው አባት ሰዓቱን ያሳያል፣ የኔ አባት ለምን ይደብቃል እያልኩ። ትናንት መስታወቱን በማጉያ አየሁት። ይኼን ሁሉ ዓመት አንድ ስንጥቅ የለውም!

ሬቨርሶን የሚሠሩት ሰዎችም እንደኛው ደገኞች ናቸው። አገራቸው ሸለቆ ይባል እንጂ አንድ ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ድሮ በረዶው መንገድ ሲዘጋባቸው ገበሬዎቹ ቤት ተቀምጠው የሰዓት ዕቃ ይሠሩ ነበር። እኛ ዘንድ በብርድ የበግ ጠጉር ተፈትሎ ባና እንደሚሠራው ማለት ነው። ለኩልትር እዚያ ሥራ የጀመረው በ1833 ነው።

ሬቨርሶም አንድ ጊዜ ተረስቶ ነበር። በ1972 ጆርጆ ኮርቮ የሚባል ጣሊያናዊ ነጋዴ ፋብሪካው ውስጥ ሁለት መቶ ባዶ ቀፎ አገኘ። ሁሉንም ገዛ፣ ማሽን አስገብቶ ሸጠው። ዛሬም ያንኑ የ1931 መልክ ይዞ ይሠራል፤ ዋጋውን እንኳ አልነግርዎትም፣ ይደነግጣሉ።

የእርስዎ ሰዓት የቆመው ዘይቱ ደርቆ ነው። ፈትቼ አጠብኩት፣ ዘይት ሰጠሁት፣ አሁን ይሄዳል። ገጹ ቡናማ ሆኗል፤ እሱን አልነካሁትም። ጠዋት ጠዋት ሲሞሉት ጠበቅ ሲልዎ ያቁሙ፣ አያስገድዱት።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የሬቨርሶን ጀርባ ሰው ስም ያስቀርጽበታል። የእርስዎም ጀርባው ባዶ ነው። የእማማን የክርስትና ስም ላስቀርጽበት? እስኪነግሩኝ ድረስ አልልከውም። ለጎረቤት ልጅ ይንገሩት፣ ይደውልልኝ።

ልጅዎ