የንግድ መረጃው በነጻ ተቀምጦ ሳለ በወሬ ለምን እንዋዋላለን?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የንግድ ዓምዳችሁ ስለ ወጪ ንግድ በሚያወጣቸው ዜናዎች ውስጥ ደጋግሞ የሚጎድል ነገር አለ። ቁጥሩ ይጻፋል፣ የምን ቁጥር እንደሆነ ግን አይጻፍም። ቡና በኪሎ ይህን ያህል ዶላር አወጣ ሲባል ጅቡቲ መርከብ ላይ ሲጫን ነው ወይስ ሀምቡርግ ሲደርስ? የታጠበ ነው ወይስ ያልታጠበ? የበጀት ዓመቱ ነው ወይስ የፈረንጆቹ? እዚህ ሐዋሳ ላይ ውል የሚፈርም ላኪ እነዚህን ሳያውቅ የጋዜጣውን ቁጥር ከቴሌግራም ወሬ ጋር አዳብሎ ዋጋ ይቆርጣል። ትክክለኛው መረጃ ግን አብዛኛው በነጻ ተከፍቶ የተቀመጠ ነው። ችግሩ አነባበቡ ላይ ነው።

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ባለ ስድስት አሃዙ የኤችኤስ ኮድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ የሚሠራበት ይህ የዓለም ጉምሩክ ድርጅት መለያ እስከ ስድስተኛው አሃዝ በሁሉም ተጠቃሚ ሀገር አንድ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን እያንዳንዱ ሀገር ለራሱ ይጨምራል። አውሮፓ 8፣ አሜሪካ 10 አሃዝ ያደርሱታል። ያልተቆላና ካፌይኑ ያልወጣለት ቡና 0901.11 ነው፤ ተቆልቶ ሲሄድ 0901.21 ይሆናል። ሰሊጥ 1207.40፣ አቮካዶ 0804.40፣ ማር 0409.00 ናቸው። ጥራጥሬ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ቦሎቄ 0713.33 ሲሆን ማሾ 0713.31፣ ሽምብራ ደግሞ 0713.20 ነው። ኮዱ ከተሳሳተ ዋጋውም፣ ቀረጡም፣ የጤና መስፈርቱም የሌላ ዕቃ ይሆናል። ስለዚህ ፕሮፎርማ (የመጀመሪያ የዋጋ ማቅረቢያ ሰነድ) ከመላኩ በፊት ገዢው በሀገሩ ጉምሩክ የሚጠቀምበትን ሙሉ ኮድ በጽሑፍ እንዲልክ መጠየቅ ይገባል።

ኮዱ ከታወቀ በኋላ ጄኔቫ የሚገኘው የዓለም አቀፍ ንግድ ማዕከል ያዘጋጀው ትሬድ ማፕ አለ። በኢሜይል መመዝገብ ብቻ ይበቃል። ኮዱን አስገብቶ፣ የገቢ ንግድን መርጦ፣ ገዢውን ሀገር ሲጠቁሙ ያ ሀገር ከማን ስንት ቶን በስንት ዶላር እንደገዛ ይዘረዝራል። የአንድ ቶን አማካይ ዋጋም ከጎኑ ይወጣል። ወጥመዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሀገራት የገቢ ዕቃን የሚመዘግቡት የመርከብ ኪራይና ኢንሹራንስ ተጨምሮበት (ሲአይኤፍ) ስለሆነ ያንን ቁጥር ከጅቡቲ ኤፍኦቢ (መርከብ ላይ እስኪጫን ድረስ ብቻ ያለው) ዋጋችን ጋር ፊት ለፊት ማወዳደር አይቻልም። 0901.11 የታጠበውን ሲዳማና ርካሹን ሮቡስታ በአንድ ላይ የያዘ ኮድ ነው፤ አማካዩም የማናቸውም ዋጋ አይደለም። ጀርመንና ቤልጂየም የገቡትን ቡና ከፊሉን መልሰው ለሌላ ሀገር ስለሚሸጡ ትልቅ ገዢ መስለው የሚታዩት ሁሉ ጠጪዎች አይደሉም። በዚያ ላይ የእኛ በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ሲሄድ የመረጃ ቋቱ ዓመት ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ነው። በእኔ ግምት ትሬድ ማፕ ገበያ ለመምረጥ ወደር የለውም፣ ዋጋ ለመቁረጥ ግን አይሆንም።

ለቡና ዋጋ መነሻው ወደፊት ለሚረከብ ቡና ከወዲሁ ዋጋ የሚቆረጥበት የኒውዮርክ የወደፊት ግብይት ነው፤ ዋጋው ለአንድ ፓውንድ ክብደት በአሜሪካ ሳንቲም ይነገራል። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ 300 ሳንቲም ማለት 3 ዶላር ነው፤ አንድ ኪሎ 2.2046 ፓውንድ ስለሆነ በዚያ ሲባዛ በኪሎ 6.61 ዶላር፣ በ17 ኪሎ ፈረሱላ ደግሞ 112 ዶላር ከ43 ሳንቲም ገደማ ይሆናል። የዓለም አቀፉ ቡና ድርጅት የሚያወጣው ዕለታዊ አመልካች ዋጋም ይጠቅማል፤ ነገር ግን ድርጅቱ ኢትዮጵያን የመደባት ብራዚሊያን ናቹራልስ በሚለው፣ በዋናነት ያልታጠበ አረቢካ ቡና በሚመደብበት ምድብ ውስጥ ነው። የታጠበ ቡና የሚሸጥ ሰው ያንን ቁጥር እንደ ጣሪያ ከወሰደው በራሱ ላይ ይፈርዳል።

ቀረጥን በተመለከተ የአውሮፓ ኮሚሽን አክሰስ ቱ ማርኬትስ የሚባል ገጽ አለው። ኮዱን፣ መነሻውን ሀገርና መድረሻውን ሲያስገቡ ቀረጡን፣ ሰነዱንና የጤና መስፈርቱን በአንድ ላይ ያወጣል። አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። ያልተቆላ ቡና ወደ አውሮፓ ከየትም ሀገር ሲገባ ቀረጡ ዜሮ ነው። የተቆላው ግን መደበኛ ቀረጡ 7.5 በመቶ ሲሆን፣ ኢትዮጵያ ከጦር መሣሪያ በስተቀር ሁሉን በሚፈቅደው ዕድል ከዚህ ነጻ ናት። ስለዚህ የመነሻ ሀገር ማስረጃ ጉድለት ጥሬ ቡና ላይ ቀረጥ አያስከፍልም፤ የተቆላ ላይ ያስከፍላል። የጭነቱ ዋጋ ከ6,000 ዩሮ በላይ ከሆነ ያንን ማስረጃ መስጠት የሚችለው ሬክስ በሚባለው ሥርዓት የተመዘገበ ላኪ ብቻ ነው። ምዝገባው ዕቃው ወደብ ከደረሰ በኋላ የሚታሰብ ጉዳይ አይደለም።

ምግብ ነክ ዕቃ የሚልክ ሁሉ ራስፍ ዊንዶው የተባለውን የአውሮፓ ማስጠንቀቂያ ቋት ማየት አለበት። የዕቃውን ዓይነትና መነሻ ሀገሩን መርጦ ሲፈልግ የቱ ጭነት መቼ፣ በምን ምክንያት እንደተያዘ ያሳያል። የእኛ ሰሊጥ በሳልሞኔላ፣ ቅመሞቻችን በአፍላቶክሲን ምክንያት ለተጨማሪ ቁጥጥር ተዘርዝረው ያውቃሉ፤ ዝርዝሩ ያለው በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 2019/1793 ሲሆን በየጊዜው ይከለሳል። ቁጥጥሩ ከሚላከው ጭነት ውስጥ ስንት በመቶው እንደሚመረመር ስለሚወስን የወደብ ኪራይንና የላቦራቶሪ ወጪን ማን እንደሚችል ውሉ ላይ መጻፍ ያስፈልጋል። ለአቮካዶና ለአትክልት ደግሞ የአውሮፓ የጸረ ተባይ መረጃ ቋት አለ። ለአንድ ኬሚካል የተለየ የቅሪት ወሰን ካልተቀመጠለት የሚሠራው 0.01 ሚሊግራም በኪሎ ነው፤ የጃፓንም አጠቃላይ ወሰን ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓን ቡናችን ላይ የኬሚካል ቅሪት አግኝታ ገበያው ምን ያህል እንደተናጋ በዘርፉ ያሉ ሁሉ ያስታውሳሉ። ኢፒንግ የሚባለው ነጻ አገልግሎት ሀገራት መስፈርት ሊቀይሩ ሲያስቡ ገና በረቂቁ በኢሜይል ያሳውቃል፤ ኮዱንና ሀገሩን መርጦ መመዝገብ ደቂቃዎች ብቻ ይወስዳል።

ለሲዳማና ለጌዴኦ ቡና አሁን ዋናው ጉዳይ የአውሮፓው የደን ጭፍጨፋ ደንብ ነው፤ ቁጥሩ 2023/1115። ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ስለተራዘመ ቀኑን ከኮሚሽኑ ገጽ ብቻ መከታተል ይገባል። የማይቀየረው ጥያቄ ቡናው የበቀለበት ማሳ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ የተመነጠረ ደን አለመሆኑ ነው። እስከ 4 ሄክታር ያለ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ዙሪያው ይለካል፤ ቁጥሩም ከነጥብ በኋላ ስድስት አሃዝ ይኖረዋል። በብዛት የሚበላሸው የቁጥሮቹ ቅደም ተከተል ነው። የስልክ ጂፒኤስ ብዙ ጊዜ ኬክሮስን አስቀድሞ፣ ኬንትሮስን አስከትሎ ይሰጣል፤ ጂኦጄሶን የተባለው የፋይል ዓይነት ግን ኬንትሮስን ያስቀድማል። ሐዋሳ 7 ዲግሪ ሰሜን፣ 38 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ናት፤ ሁለቱ ሲገለባበጡ ማሳው ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ይወድቃል። ሌላው፣ ኮሚሽኑ ያወጣው የእ.ኤ.አ. 2020 የደን ካርታ በጥላ ዛፍ ሥር ያለን ቡና ደን ብሎ ሊያሳይ ይችላል። ካርታው ግን አስገዳጅ ማስረጃ አይደለም፤ ከእንሰትና ከዋንዛ ሥር ያረጀ የጓሮ ቡና መሆኑን በቆየ የሳተላይት ምስልና በይዞታ ሰነድ ማስረዳት ይቻላል። ይህ ጉዳይ የአርሶ አደሩን ገቢ በቀጥታ የሚነካ ስለሆነ ማኅበራት ለገዢ ብቻ መተው የለባቸውም።

ገዢን ማጣራት ከሁሉም በላይ የሚዘነጋ ሥራ ነው። የእንግሊዝ ኩባንያ ከሆነ ካምፓኒስ ሀውስ በተባለው የሀገሩ የኩባንያዎች መዝገብ ላይ የተመሠረተበት ቀንና የሒሳብ መግለጫው በነጻ ይታያል። ሒሳቡ እንቅስቃሴ የለውም ተብሎ የተመዘገበ ድርጅት ሁለት ኮንቴይነር ቡና ልግዛ ሲል ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። የአውሮፓን የተጨማሪ እሴት ታክስ ቁጥር ቪኤስ የተባለው ገጽ ያረጋግጣል፤ ለጀርመን ግን ትክክል ወይም ስህተት ይላል እንጂ ስምና አድራሻ አያሳይም። ለዚያ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በነጻ የተከፈተውን የጀርመን የንግድ መዝገብ ማየት ነው። የቻይና ድርጅት ቁጥርና ፊደል የተቀላቀለበት ባለ 18 ምልክት መለያ ከሌለው ጉዳዩ እዚያው ያበቃል። በገዢው ኢሜይል ከ@ ምልክቱ በኋላ ያለው የድረ ገጽ ስም (ዶሜይን) መቼ እንደተመዘገበ በአይካን ሉክአፕ ይታያል፤ ሃያ ዓመት ሠራሁ የሚል ድርጅት ባለፈው ወር የተመዘገበ ስም ሊኖረው አይገባም። ዕቃ የሚያስመጡ ደግሞ የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል የሚል ኢሜይል ሲደርሳቸው በኢሜይሉ ላይ ባለው ስልክ ሳይሆን ቀድሞ በሚያውቁት ቁጥር ደውለው ማረጋገጥ አለባቸው።

ከዝግጅት ክፍሉ የምጠይቀው፣ የወጪ ንግድ ዋጋ ስታትሙ ከቁጥሩ አጠገብ የኤችኤስ ኮዱን፣ መለኪያውን፣ ኤፍኦቢ ወይም ሲአይኤፍ መሆኑን፣ የሚሸፍነውን ጊዜ ከነዘመን አቆጣጠሩ፣ እንዲሁም መረጃው የተወሰደበትን ተቋም እንድትጽፉ ነው። ከአንድ መስመር አይበልጥም። የከተማችን ንግድ ምክር ቤትም ለአነስተኛ ላኪዎችና ማኅበራት ኢንተርኔት ያለው አንድ ኮምፒውተርና እነዚህን ገጾች የሚያሳይ አንድ ሠራተኛ ቢመድብ፣ ሥራው ከመኸሩ ቡና ግዢ በፊት፣ ከመስከረም ጀምሮ ቢጀመር ጥሩ ነው።

የላኪዎች ሰነድ አዘጋጅ፣ ከሐዋሳ