ጣሪያው ለወደቀው የሐይቅ ዳር የመስክ ጥናት ጣቢያችን የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የሐይቅና የተሁለደሬ ተወላጆች፣ በጣቢያችን አድራችሁ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን የሠራችሁ የቀድሞ ተማሪዎች፣ በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በአዲስ አበባና በውጭ አገር የምትኖሩ ወዳጆቻችን፤

ባለፈው ነሐሴ በአንድ ሌሊት ዝናብና ነፋስ የተማሪዎች ማደሪያውና የናሙና ክፍሉ ጣሪያ ተገንጥሎ መውደቁን አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል። በዚያ ሌሊት አድረው የነበሩት ተማሪዎች አንድም ሳይጎዱ ስለተረፉ ፈጣሪን እናመሰግናለን። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በአካባቢያችን ባለፈ ጊዜ የተነቀሉትን መስኮቶች በላስቲክ ብቻ ሸፍነን ቆይተን ነበርና፣ ነፋሱ ላስቲኩን ቀዶ ገብቶ ቆርቆሮውን ከነወራጁ ከውስጥ ወደ ላይ እንዳነሣው አናጺዎቹ ነግረውናል። ቆርቆሮ ሊሰጠን በደብዳቤ ቃል የገባልን አንድ መሥሪያ ቤት በጀቱ ለሌላ ሥራ እንደዋለ አሳውቆናል፤ በመስከረም የጀመርነው መዋጮም ከሚያስፈልገው ግማሽ ሳይደርስ ቆሟል። በተደጋጋሚ ጥሪያችን እንደሰለቻችሁ እናውቃለን፤ እኛም ልመናው ሰልችቶናል።

ሆኖም የተማሪ ማደሪያ ጣሪያ ለምን ይህን ያህል አጣዳፊ እንደሆነ በአግባቡ አላስረዳን ይሆናል ብለን ስለምንሰጋ፣ ጉዳዩን ከሐይቁ ተነሥተን እንገልጻለን። ሐይቃችን ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው፣ ነገር ግን በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የሌለው ውኃ ነው። ከአርዲቦ ሐይቅ በአንካርካ ወንዝ የሚወርደውም፣ ከየማሳው በጎርፍ የሚታጠበው አፈርና ማዳበሪያም ገብቶ እዚያው ይቀራል። በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ቆሮሶ የተባለው ዓሣ ከተጨመረበት ወዲህ ውኃውን አረንጓዴ የሚያደርገውን አልጌ የሚበሉት ደቃቅ የውኃ ነፍሳት መመናመናቸውንና ጥርት ያለ የነበረው ውኃ አረንጓዴ እየሆነ መምጣቱን ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ተማሪዎቻችን ይህንኑ ለውጥ የሚከታተሉት ጥቁርና ነጭ የተቀባ፣ ከእንጀራ ምጣድ እጅግ ያነሰ ክብ ሰሌዳ በገመድ አስረው ከጀልባ በማውረድ ነው። ሰሌዳው ከዓይን በተሰወረበት ላይ ገመዱን ይለካሉ፤ ቁጥሩንም ውኃ እንዳያጠፋው በእርሳስ ይመዘግባሉ።

ይህ በቀን የሚሠራ ሥራ ነው። የኦክስጅኑ ልኬት ግን እንዲህ አይደለም። አልጌው በፀሐይ ብርሃን የሚያመርተውን ኦክስጅን ሌሊት ራሱም ሌሎቹም ፍጥረታት ሲተነፍሱት ያድራሉና፣ ዝቅተኛው መጠን የሚገኘው ጎሕ ሲቀድ ነው። በብርዱ ወራት ደግሞ የላይኛው ውኃ ቀዝቅዞ ሲከብድ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ኦክስጅን አልባው የታችኛው ውኃም ወደ ላይ ይወጣል። ይህ በድንገት ከሆነ ዓሣ በአንድ ሌሊት ሊያልቅ ይችላል። አስጋሪዎቻችንን አስቀድሞ ለማስጠንቀቅ በየማለዳው መለካት፣ ለመለካትም በሐይቁ ዳር ማደር ያስፈልጋል። አሁን ተማሪዎቹ ከደሴ በሚኒባስ የሚደርሱት ፀሐይ ከወጣች በኋላ ስለሆነ፣ በመዝገባችን ላይ «ጎሕ» የሚለው ዓምድ ከነሐሴ ወዲህ ባዶ ነው። ያለፈ ማለዳ ደግሞ በኋላ አይለካም።

«ጣሪያው እየዘመመ የጀልባ ሞተርና ማቀዝቀዣ መግዛት ምን አመጣው?» የሚለውን ቅሬታም ሰምተናል። ሞተሩ የተገዛው ከቀትር በኋላ የሚነሣው ነፋስ በመቅዘፊያ የሚሄዱትን ተማሪዎች መሐል ሐይቅ ላይ ስላስቸገረ ነው፤ የልጆቻችን ሕይወት ከቆርቆሮ ይቀድማል ብለን ወስነናል፤ ዛሬም ውሳኔው ትክክል እንደነበር እናምናለን። ማቀዝቀዣውም ለለስላሳ መጠጥ አልተገዛም። በሙቀት ውስጥ ያደረ የውኃ ናሙና ውስጡ ያሉት ጥቃቅን ፍጥረታት ሲባዙና እርስ በርስ ሲበላሉ ስለሚያድሩ በማግስቱ የሐይቁን እውነት አይናገርም። ተማሪዎቹ ከኮሚቴው ሣጥን ለምግባቸው አንድ ብር ወስደው አያውቁም፤ ሽሮና በርበሬውን ራሳቸው አዋጥተው በተራ ያበስላሉ (ስለ አበሳሰላቸው ጎረቤት የሚለውን እዚህ አንጽፍም)። የእያንዳንዱ ግዢ ደረሰኝ በገንዘብ ያዡ ዘንድ አለ፤ መጥቶ ማየት ለሚፈልግ ሁሉ ክፍት ነው።

በዚሁ ገንዘብና በእናንተ ደቦ የድንጋዩ ግድግዳ ቆሟል፣ መጸዳጃ ተቆፍሯል፣ የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ ተተክሏል። ቅዳሜ ቅዳሜ የአካባቢው ተማሪዎች መጥተው ከሐይቁ የተቀዳ አንዲት ጠብታ በማይክሮስኮፕ ያያሉ፤ የሚጠጡት ውኃ ውስጥ እግር ያለው ነገር ሲዋኝ አይታ እናቷን «ውኃውን አፍሊው» ብላ ያስቸገረች ልጅ እንዳለች እናቷ ራሷ ነግራናለች።

ተማሪ ማሳደር ለወሎ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ በሐይቅ እስጢፋኖስ ከሩቅ የመጡትን ደቀ መዛሙርት ሲያስተምሩ፣ ከዚያም በኋላ ጀማ ንጉሥን፣ ጌታንና ዳናን የመሳሰሉት የእስልምና ዕውቀት ማዕከላት ደረሶችን ሲያፈሩ፣ የቆሎ ተማሪውም ሆነ ደረሳው ያደረው በዚህ ሕዝብ እንጀራ ነው። ሰው ከሞተ በኋላ ከማይቋረጡለት ሥራዎች መካከል ሰደቀቱል ጃሪያ የሚባለው ዘላቂ ምጽዋትና ጠቃሚ ዕውቀት እንደሚገኙ ሼሆቻችን ያስተምሩናል፤ ቀሳውስቶቻችንም እንግዳን መቀበል አትርሱ ይሉናል። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ቅሬ (ዕድር) ተሰባስቦ የጎረቤቱን ሐዘን እንደሚሸከም ሁሉ ይህንንም በጋራ እንድንሸከመው እንጠይቃለን።

ግድግዳው ጤነኛ ነው፤ የአናጺዎቹንም ጉልበት ወጣቶቹ በነጻ ለመስጠት ተስማምተዋል። የጎደሉን ቆርቆሮ፣ የወራጅ እንጨት፣ ምስማርና የመስኮት ብረት ናቸው። በገንዘብ ያልቻለ አንድ ቆርቆሮ ቢሰጥ በደስታ እንቀበላለን።

ገንዘብ የምትልኩ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በጣቢያው ስም በተከፈተው ሒሳብ ብቻ አስገቡ። ሒሳቡ የሚንቀሳቀሰው በሰብሳቢው፣ በገንዘብ ያዡና በአስጋሪዎቹ ተወካይ ጣምራ ፊርማ ነው። ቁጥሩ ማኅተም ባለው ደብዳቤ ለየቅሬው ተሰጥቷል፤ ከዚያ ውጭ በስልክ የሚነገራችሁን ቁጥር አትቀበሉ። በድጋሚ እናሳስባለን፤ በግለሰብ ስም በተከፈተ ሒሳብ ወይም በግለሰብ ቴሌብር ምንም አታስገቡ፤ ካስገባችሁም በኋላ የባንኩን ደረሰኝ ለገንዘብ ያዡ አሳይታችሁ የኮሚቴውን ደረሰኝ ተቀበሉ። የበልግ ዝናብ ከመጀመሩ በፊት ቆርቆሮው መመታት ስላለበት መዋጮው እስከ ጥር መጨረሻ እንዲጠናቀቅ በትሕትና እንጠይቃለን።

የጣቢያው አሠሪ ኮሚቴ
ሐይቅ፣ ደቡብ ወሎ